እግዜር ያጥናት

ሥራዋ መተኮስ ነው። አትደንግጡ፤ ጠመንጃ ነክታ አታውቅም። የምትተኩሰው ሸሚዝ ነው፣ ሱሪ ነው፣ የሆቴል አንሶላ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በአንዲት ላውንደሪ ቤት ጓዳ ውስጥ ካውያ ጨብጣ ቆማለች። ሠፈሩ «ተኳሿ» እያለ ነው የሚጠራት፤ እኛም ከሠፈሩ አንለይም።

ተኳሿን አንድ ነገር ሲከነክናት ኖሯል። ደም የነካው ልብስ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቃል፤ በሙቅ ካጠቡት ግን ጨርቁ ላይ ተጋግሮ ይቀራል። ቅባት ደግሞ ሙቁን ይወዳል። በረኪና ጥጡን ያነጣና ሱፉን ይበላዋል። ለምን? እጇ ያውቀዋል፤ አፏ ግን ምክንያቱን አያውቅም። ባለ ላውንደሪውን አንድ ቀን ብትጠይቃቸው፣ «እድፉ ከለቀቀ ምክንያቱ ምን ያደርግልሻል?» አሏት። ምን እንደሚያደርግላትማ እሷ ታውቃለች። ኬሚስትሪ መማር ነው ያማራት፤ አምሮቱም የዛሬ አይደለም።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ ያውም ከክፍሏ አንደኛ። እናቷ ታመው አልጋ ያዙና አባቷ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ዘንድሮን ብቻ ቆዪ» አሏት። ቆየች። እናት ሁለት ዓመት ታመው አረፉ። ከዚያ ታናናሾቿን ማን ያሳድግ? ከዚያ ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣች፣ ካውያው መጣ። ያቺ «ዘንድሮ» የተባለች ዓመት ሳታልቅ ቀረች። አባትና ልጅ ነገሩን አንስተውት አያውቁም። ብቻ አባቷ ሊጠይቋት ሲመጡ የልጅ ልጃቸው ደብተር ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ካዩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። እሷም እንዳላየች ትሆናለች።

ነገሩን የቆሰቆሰችው ልጇ ናት። «እማ፣ ኦንላይን ኮሌጅ እኮ አለ። ከቤትሽ ሳትወጪ መማር ትችያለሽ» አለቻት።

«በዚህ ዕድሜዬ? ሂጂ እባክሽ፣ አታስቂኝ!» አለች ተኳሿ። አለች እንጂ፣ በሦስተኛው ቀን የሦስት ኮሌጅ ስም በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጽፋ ይዛ መጣች።

የመጀመሪያው ኮሌጅ ማስታወቂያ ዓይን ያጠፋል። «በስድስት ወር ዲግሪ! ሳይጨነቁ! ሳይፈተኑ!» ይላል። ምን ልበላችሁ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ይታለል ነበር። ተኳሿ ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የልብስ ምልክት ስታነብ የኖረች ሴት ናት። «መቶ በመቶ ጥጥ» ተብሎ ተጽፎበት ካውያ ሲነካው እንደ ላስቲክ የሚቀልጥ ስንቱን አይታለች። ስለዚህ እንደ ልማዷ ጠርዙን በዝቅተኛ ሙቀት ነካ አደረገችው፤ «እውቅናውን የሰጣችሁ ማነው?» ብላ በመልእክት ጠየቀቻቸው። የልብ ሥዕል ላኩላት። ደግማ ጠየቀች። ሁለት ልብ ላኩላት። «ይሄማ ናይለን ነው» ብላ ሰረዘችው።

ሁለተኛው የምር ኮሌጅ ነበር። መምህራኑ የታወቁ፣ እውቅናውም ያለ። ችግሩ ትምህርቱ በቀጥታ የሚሰጠው ልክ እሷ የሆቴሉን አንሶላ በምትረከብበት ሰዓት መሆኑ ነው፤ ያመለጠው ደግሞ አመለጠ፣ ተቀድቶ አይቀመጥም። «ድግሱስ ደግ ነበር፤ እኔ በሌለሁበት ሰዓት ተበላ እንጂ» አለችና አዝና ተወችው።

ከሦስተኛው የስልክ ጥሪ መጣ። የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ናት፤ ድምፅዋ ፈራ ተባ ይላል።

«ይቅርታ ወይዘሮ፣ ቅጹ ላይ ‹ሥራ› በሚለው ቦታ ‹ተኳሽ› ብለው ሞልተዋል...»

«አዎ።»

«ወታደር ነዎት?»

«ኧረ በካውያ! ሸሚዝ ነው የምተኩሰው!»

ሬጅስትራሯ ስልኩን አርቃ ስትስቅ ይሰማል። ሳቋን ጨርሳ ስትመለስ ግን ማንም ጠይቋት የማያውቀውን ጠየቀቻት። «በሳምንት ስንት ሰዓት አለዎት? የሚመኙትን ሳይሆን ያለዎትን ይንገሩኝ። ሁሉም ሲመዘገብ ሃያ ሰዓት አለኝ ይለኛል፤ ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ይጠፋል። ቆጥረው ይደውሉልኝ።»

ይኸኔ ነው የተኳሿ ልብ የተከፈተው። ያም ሆኖ ዝም ብላ አልገባችም፤ የኮሌጁን ስም እውቅና ካላቸው ዝርዝር ውስጥ ፈልጋ በጣቷ እያስኬደች አገኘችው፤ እዚያ የተማረች አንዲት የሆቴሉን ሠራተኛም ይዛ አፋጠጠቻት። ካውያው ነካው፤ አልቀለጠም። ጥጥ ነው።

እንግዲህ ሰዓት መቁጠር መጣ። ማታ ልታጠና ሞከረች፤ መጽሐፉ ላይ ተደፍታ አንቀላፋችና ጠዋት ጉንጯ ላይ ፊደል ታትሞ ተገኘ። ማለዳ ሞከረች፤ አውቶቡስ ነጂው ባሏ ማለዳ ነው የሚወጣው፣ «ካልሲዬስ? ቁልፌስ?» እያለ ቤቱን በአንድ እግሩ ያቆመዋል። በወረቀት ላይ ያማረ ፕሮግራም አወጣች፤ ፕሮግራሙ ግድግዳ ላይ አምሮበት ተሰቀለ፣ እሷ ግን ከሱ ጋር ተገናኝታ አታውቅም። ሰው እንዴት ጊዜ ያጣል ብላ ተናደደች። ሳምንቱን ሙሉ ራሷን እንደ ሌባ ተከታተለችው።

ሌባውም ተያዘ። ላውንደሪው ውስጥ አንድ ትልቅ ማጠቢያ ማሽን አለች፤ ስለምታጉረመርም «እማማ ጉርምርም» ይሏታል። አንድ ዙር ለማጠብ አርባ አምስት ደቂቃ ይፈጅባታል፤ አትጨምርም፣ አትቀንስም። ጠዋት የመጀመሪያው ዙር ሲታጠብ የሚተኮስ ደረቅ ልብስ የለም፤ ማታ የመጨረሻው ዙር ሲታጠብም ተተኩሶ አልቋል። ተኳሿ እነዚያን ሁለት ዙሮች አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከጎረቤት ፀጉር ሠሪዋ ጋር ወሬ እየሰለቀች አሳልፋቸዋለች። በቀን ሁለት ዙር፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት! ወዲያው ደወለች። «ዘጠኝ ሰዓት አለኝ። የራሴ ናቸው።»

«ዘጠኝ እውነተኛ ሰዓት ይበቃናል» አለች ሬጅስትራሯ። «የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስላልወሰዱ ግን አሥራ ሁለት ሳምንት መሰናዶ ይማሩና የመግቢያ ፈተና ይቀመጣሉ። ፈተናው በዓመት አንዴ ነው። ካለፈዎት ለከርሞ ነው።»

ተኳሿ «ለከርሞ» የምትለዋን ቃል ስትሰማ የፈተናውን ቀን ደረሰኝ ጀርባ ላይ በትልቁ ጻፈች። አንዲት ዓመት መቆየት ምን ማለት እንደሆነ ከሷ በላይ ማን ያውቃል?

አጠናች እላችኋለሁ! እማማ ጉርምርም ስታጥብ ታነባለች፣ ስታለቀልቅ ትጽፋለች፣ ስትጨምቅ ራሷን ትፈትናለች። ስትተኩስ ደግሞ የተቀዳውን ትምህርት በጆሮዋ ሰክታ ትሰማለች። ደም ሲሞቅ ለምን እንደሚጋገር የገባት ቀን፣ «እንቁላል ነው! ልክ እንደ እንቁላል ነው!» ብላ ጮኻ ባለ ላውንደሪውን አስደነገጠቻቸው። አንድ ችግር ብቻ መጣ። ጆሮዋ ማሽኗን ለመደና፣ ጸጥታ ባለበት ቦታ አንድ መስመር እንኳ አልገባት አለ። ስለዚህ ፈተናውን እዚያው ጓዳ ውስጥ ልትወስድ ወሰነች፤ እሑድ ላውንደሪው ዝግ ነው፣ ባለቤቱም ቁልፉን ሰጧት። ሬጅስትራሯን ደውላ «ማሽን ቢያጉረመርም ክልክል ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ማሽን አይኮርጅም» አለቻት። «ሰው ግን ክልክል ነው። ካሜራው ፊት ሰው ከገባ፣ ወይም እርስዎ ከመቀመጫዎ ከተነሡ፣ ፈተናው ይዘጋል።»

ፈተናው ዘጠና ደቂቃ ነው፤ ሁለት ዙር። ታዲያ የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ማሽኗን ማን ያስነሣላታል? በሩንስ ማን ይጠብቅላታል? ባሏ ተረኛ ነው፤ ልጇም ትምህርት ቤት ማጠናከሪያ አለባት። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አክስቴ ሬዲዮ የምትመጣው።

ዘመድ ሁሉ «አክስቴ ሬዲዮ» የሚላት የተኳሿ አባት ታናሽ እህት ናት። ስሙን ያወጡላት በክፋት አይደለም። ቤተሰቡ ውስጥ ጥርስ ሲበቅል፣ ቤት ሲቀየር፣ ሰው ሲጣላ ቀድማ የምታሰራጨው እሷ ናት፤ ስልኳ ላይ ስልሳ ሦስት ዘመድ ያለበት የቤተሰብ ግሩፕም አላት። «በሩን እኔ እጠብቃለሁ። ትንፍሽ አልልም!» ብላ ማለች። እንዴት ያለች ደግ ሴት መሰለቻችሁ። ደግነቷ ነው ጉድ ያፈላው።

ቅዳሜ ማታ አክስቴ ሬዲዮ ዘመድ ሁሉ በጸሎት እንዲያግዝ ብላ አንድ ፎቶ ግሩፑ ላይ ለቀቀች። ፎቶው ባለፈው ሳምንት ጓዳው ውስጥ የተነሣ ነው፤ ተኳሿ ጥቁር የሥራ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ ጥቁር ሻሽ እንዳሰረች፣ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ አቀርቅራለች። ዓይኗ በበረኪና ቀልቷል። ከሥሩም አክስቴ እንዲህ ጻፈች፦ «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሁላችሁም በጸሎት አስቧት። እግዜር ያጥናት።»

እግዜር ያጥናት! «ያስጠናት» ማለቷ እኮ ነው። ጥናቱን ይባርክላት፣ ትምህርቱን ያስገባላት ማለቷ ነው። ጻፈችና ስልኳን አጥፍታ፣ በማለዳ ለመነሣት ተኛች።

ስልሳ ሦስቱ ዘመድ አንብቦ ክው አለ። ማን ነው የሞተው? ባል ሚስቱን ጠየቀ፣ ሚስት ባሏን። ግሩፑ ላይ ግን የጠየቀ አንድም የለም፤ እንዴት ተብሎ! ዘመድ ሆኖ «ለመሆኑ የሞተው ማነው?» ማለት ነውር አይደለም? አንዳንዱ ሊደውል ሞከረ። የአክስቴ ስልክ ዝግ፤ ተኳሿና ባሏም ማለዳ ተነሺ ናቸውና አጥፍተው ተኝተዋል፣ የነሱም ዝግ። ሦስቱም ስልክ ከተዘጋ ምን ጥርጥር አለ?

እሑድ ጠዋት ዘመድ ወደ ተኳሿ ቤት ጎረፈ። በሩ ዝግ ነው። እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ቆመው ሲያበቁ አንዲት ጎረቤት ወጣ አለችና፣ «ማለዳ ወደ ሥራዋ ስትሄድ አይቻታለሁ» አለቻቸው።

«በዛሬ ቀን ሥራ?» አሉ እርስ በርስ እየተያዩ። «ወይኔ! አልተነገራትም ማለት ነው!»

ተኳሿ በዚህ ሰዓት ጓዳው ውስጥ የልጇን ላፕቶፕ የመተኮሻ ጠረጴዛው ላይ ከፍታ ሃያ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነች። ከአርባው። ደህና እየሄደላት ነው። ከበሩ ወዲያ እማማ ጉርምርም የመጀመሪያውን ዙር ጨምቃ ጨርሳ ጸጥ አለች። ተኳሿ ጠበቀች። አክስቴ አረንጓዴዋን ቁልፍ ልትጫን ነው። አሁን። አሁን።

አክስቴ ግን የፊት ለፊቱን በር ከፍታ ቆማለች። ከሦስት ታክሲ ጥቁር የለበሰ ዘመድ ይወርዳል። «ምነው? ምን ሆናችሁ?» ስትል የመጀመሪያዋ ሴት አንገቷ ላይ ተጠምጥማ፣ «ምን ይባላል እህቴ፤ እግዜር ያጥናችሁ» ብላ አነባች። አክስቴ ሬዲዮ ደርቃ ቀረች። ሰው ሞቷል፤ ለሷ ግን አልተነገራትም። ለሷ! ለሬዲዮ! በአእምሮዋ ዘመዱን ሁሉ ቆጠረች፤ በዕድሜ የገፋ ማን አለ? ያው ወንድሟ ነው። ከዚያ በኋላማ ከመጡት ለቀስተኞች ሁሉ በላይ ድምፅዋን ለቀቀችው። «ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ወንድሜን! ሳልሰማ!»

ተኳሿ ጓዳ ሆና ሰማች። አክስቷ አንድ ወንድም ነው ያላት። እሳቸውም አባቷ ናቸው።

እስክሪኑ ላይ፣ በካሜራው የሚከታተላት ተቆጣጣሪ የላከው መልእክት ብቅ አለ፦ «የልቅሶ ድምፅ ይሰማል። ደህና ነዎት? ከተነሡ ፈተናው እንደሚዘጋ ያስታውሱ።» ከሥሩ «ፈተናውን አቋርጥ» የምትል ቀይ ቁልፍ አለች። ተኳሿ አየቻት። ከነካቻት ለከርሞ ነው። ለከርሞ ደግሞ ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ግን አባቷ ሞተው፣ እሷ እዚህ ተቀምጣ የጨው ዓይነት ልትለይ? «አባቴ ሞቶ ምን ኬሚስትሪ!» አለች በሆዷ። እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ እጇን ወደ ቀይዋ ቁልፍ ሰደደች።

«ኧረ ቆዩ እስቲ! ቆዩ!» አለ አንድ ሻካራ ድምፅ ከበሩ ወዲያ። «ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?»

የተኳሿ ጣት አየር ላይ ቀረ። ይሄን ድምፅ በሕልሟም ትለየዋለች።

«ውይ ወንድሜ!» አለች አክስቴ ሬዲዮ። «አንተ አይደለህም እንዴ የሞትከው?»

«እኔ? እኔማ ልጄን ላጽናና ነው የመጣሁ!»

ከዚያ የሆነውን ተኳሿ በጆሮዋ ብቻ ተከታተለች። አንዱ ስልኩን አውጥቶ መልእክቱን ጮክ ብሎ አነበበ። «እሱማ እኔ ነኝ የጻፍኩት!» አለች አክስቴ። «ልጅቷ ፈተና አለባት፣ እያጠናች ነው፣ እግዜር ያጥናት አልኩ! ትምህርቱን!» ይኸኔ አንዱ በአፍንጫው ሳቅ አፈነዳ፣ ሌላው ተከተለ፣ ሊያጋንኑት ሲሉ ግን ያ ሻካራ ድምፅ እንደ ጅራፍ መጣ።

«ዝም! ትንፍሽ የሚል ሰው እንዳልሰማ! ልጄ ፈተና ላይ ናት።»

ሠላሳ ሰው አፉን ያዘ። «ቁልፏ! ቁልፏን ረሳሁ!» የሚል የአክስቴ ሹክሹክታ ተሰማ፤ ወዲያው እማማ ጉርምርም ውሃዋን ሳብ አድርጋ ማጉረምረም ጀመረች። ተኳሿ ዓይኗን በሽርጧ ጠርጋ ለተቆጣጣሪው እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ደህና ነኝ። የሞተ ሰው የለም።»

«እሰይ። ይቀጥሉ» ብሎ መለሰላት።

ሰባት ደቂቃ አልፏታል። ቀጠለች። እየሳቀች አነበበች፣ እያለቀሰች መለሰች፤ ተቆጣጣሪው ምን እንዳላት እሱ ይወቀው። አርባኛው ጥያቄ ሳሙና ነበር። ሳሙና በውሃና በቅባት መካከል ገብቶ የሚያስታርቃቸው እንዴት ነው? አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ቅባት ይወዳል፤ ሁለቱንም ይዞ ይጎትታል። እጇ አሥራ ስምንት ዓመት ሲያውቀው የኖረውን ነገር አሁን በቃሏ ጻፈችው። «ጨርሻለሁ» የምትለዋን ተጫነች። ውጤቱ እዚያው ነው የሚመጣው።

በሩን ስትከፍት የፊት ክፍሉ በሰው ጢም ብሏል። ዘመድ በአንሶላ ጆንያ ላይ፣ በባንኮኒው ላይ፣ በመሬት ላይ ተቀምጧል። ሕፃናቱ እንኳ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። አባቷ ከማሽኗ አጠገብ በርጩማ ላይ ሆነው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀና ብለው አዩዋት። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አላዞሩም።

«ሰማንያ አራት» አለች።

«ከስንት?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ከመቶ ነዋ! ማለፊያው ስድሳ ነው!»

የታፈነው ጩኸት ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። እልልታው የማሽኗን ድምፅ ዋጠው። ጎረቤት ፀጉር ሠሪዋ በእሑድ ምድር ምን መጣ ብላ በመስኮት ብቅ አለች። ያ ሁሉ ጥቁር የለበሰ ሰው እየተቃቀፈ ሲጨፍር አይታ ምን እንዳሰበች እንጃ።

አክስቴ ሬዲዮ ስልኳን ለመክፈት ተጣደፈች። «ገና በመንገድ ላይ ያሉ አሉ፣ እያለቀሱ ይመጣሉ፣ አሁኑኑ ልንገራቸው!» ብላ ጣቷን ታስሮጥ ጀመር። ወንድሟ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«‹አለፈች› ብዬ ነዋ።»

«ኧረ በሕግ!» ብሎ ሠላሳ ሰው በአንድ አፍ ጮኸ። ስልኩን ከእጇ ለመንጠቅ የዘለለውማ ቁጥር የለውም። አክስቴ ስልኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ ተኮሳተረች።

«እሺ! እንግዲያው ምን ብዬ ልጻፍ? እናንተ ንገሩኛ!»

አባቷ ኮፍያቸውን አንዴ አዞሩት፣ ደግመው አዞሩት። «‹ዘንድሮ አለቀች› ብለሽ ጻፊ» አሉ።

ዘመዱ ግራ ገባው። ዓመቱ ገና ምኑም አልተነካ። ተኳሿ ግን ገባት፤ ከርጩማው አጠገብ ቁጭ ብላ ግንባሯን አባቷ ትከሻ ላይ ደገፈች። እሳቸውም ሃያ ሁለት ዓመት ይዘው ያቆዩትን እጃቸውን አንሥተው ሻሿ ላይ አሳረፉት። አክስቴ ሬዲዮ ሁለቱን አየች፣ ከዚያ ስልኳን አየች፣ ለመጀመሪያ ጊዜም አንዲት ቃል ሳትጨምር እንደተባለችው ጻፈች።